የሽቦ መኪናችሁን ፊልም ለማድረግ፦ ጎንደር ላይ ከስክሪፕት እስከ ማሳያ

በልጅነት መጫወቻ ላይ አጭር ፊልም ለመሥራት የሚነሱ ልጆች ሦስት ቦታ ላይ ይወድቃሉ። አንዳንዶቹ ባለቤት ያለውን መጫወቻ ያለ ፈቃድ ይወስዱና ፊልሙ ዩቲዩብ ላይ በወጣ ማግስት ይወርድባቸዋል። ሌሎቹ ታሪክ ሳይሆን ትዝታ ይጽፋሉ። የቀሩት ደግሞ ሁሉን አሟልተው ካሜራው ፊት ሲደርሱ ትንሿ መኪና ትንሽ መኪና ሆና ትቀርባቸዋለች።

ይህ መመሪያ ለሦስቱም ነው። ምሳሌዬ የሽቦ መኪና ናት። ከጨርቅ አሻንጉሊት፣ ከጭቃ በሬ ወይም ከብይ የተነሳ ሰውም ቅደም ተከተሉን እንዳለ ይከተለው። ርዝመቱን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አድርጉት። ለመጀመሪያ ሥራ ከዚያ በላይ አትሞክሩ።

## ደረጃ 1፦ መጫወቻው የማን ነው?

አንድ መስመር እንኳ ሳትጽፉ ይህን ጨርሱ።

ባርቢ የማቴል ናት። ትራንስፎርመርስ የሃስብሮና የጃፓኑ ታካራ ቶሚ ነው። ስሙም፣ መልኩም፣ አርማውም ባለቤት አለው። «ገንዘብ አላገኝበትም፣ ለፍቅር ነው የምሠራው» ማለት አያድናችሁም። በእኛም አገር የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድን ሥራ ወደ ሌላ መልክ የመለወጥን መብት የሰጠው ለሥራው ባለቤት ነው። ዩቲዩብ ደግሞ የራሱ ደንብ አለው። በ90 ቀን ውስጥ ሦስት የቅጂ መብት ማስጠንቀቂያ የደረሰው ቻናል ሊዘጋ ይችላል።

1. የመጫወቻውን ስም ወረቀት ላይ ጻፉ።
2. ፋብሪካ፣ ካርቱን ወይም የታወቀ ገጸ ባሕርይ አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ።
3. ካለው ገጸ ባሕርዩን ተዉት፤ ሐሳቡን ብቻ ውሰዱ። ሐሳብ በቅጂ መብት አይጠበቅም። ተገጣጥሞ ሌላ ነገር የሚሆን መኪና ማሰብ ትችላላችሁ። የዚያን ሮቦት ስም፣ ፊትና አርማ ግን መንካት የለባችሁም።
4. ከሌለው ወደ ደረጃ 2 እለፉ። የሽቦ መኪና፣ የጨርቅ አሻንጉሊት፣ ብይና ሰኞ ማክሰኞ የማንም የግል ንብረት አይደሉም።

ጥንቃቄ፦ መጫወቻው የሁሉም ቢሆንም የሠራው እጅ የሰው ነው። ከከተማው ወጣ ብላ በደባርቅ መንገድ ላይ ባለችው ወለቃ ሴቶች የሚሠሩትን የሸክላ ምስል ገዝታችሁ ፊልሙ ውስጥ ዋና ገጸ ባሕርይ ልታደርጉት ካሰባችሁ ባለሙያዋን አስፈቅዱ። «እትዬ፣ ይህን እርስዎ የሠሩትን በሬ ፊልም ውስጥ ልናሳየው ነው። ስምዎን መጨረሻ ላይ እንጽፋለን። ለፈቃድዎ ደግሞ ይህን ያህል እንክፈል ብለን ነው የመጣነው» በሉ። ከተስማሙ በሁለት ቅጂ ጻፉት። ማንበብ ካልቻሉ እሳቸው የሚያምኑት ሰው ባለበት ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው።

ስክሪፕቱ ካለቀ በኋላ ባለቤት እንዳለው ካወቃችሁ፦ ስም መቀየር ብቻውን አይበቃም። ቅርጹን፣ ቀለሙን፣ ድምፁንና የሚታወቅበትን አባባል ቀይሩ። ከዚያ ስክሪፕቱን ላላነበበ ሰው ሥዕሉን አሳዩና «ይሄ ምንድነው?» በሉት። የድሮውን ስም ከጠራ ገና ናችሁ።

## ደረጃ 2፦ የጨዋታውን ሕግ ጻፉ

ስክሪፕት የሚሞተው እዚህ ነው። ስለዚህ ረጋ ብላችሁ ሥሩት።

አብዛኛው ስክሪፕት አንድ ዓይነት ነው። አንድ ትልቅ ሰው ከውጭ ወይም ከአዲስ አበባ ይመጣል፣ እናቱ ቤት ቆጥ ላይ የዛገች መኪና ያገኛል፣ ዓይኑ እንባ ያቀራል፣ ወደ ልጅነቱ እንመለሳለን። ተመልካቹ ግን ያቺን መኪና አያውቃትም። ያልተጫወተባትን መኪና ሊናፍቃት አይችልም። መጀመሪያ ጨዋታውን ማየት አለበት። ጨዋታው ከገባው መናፈቁን እሱ ራሱ ይጨምርበታል።

ስለዚህ ትዝታችሁን ወደ ጎን አድርጉና ሕጎቹን ዘርዝሩ። ለሽቦ መኪና ለምሳሌ፦

- መኪናዋ ራሷ አትሮጥም። የሚሮጠው ልጁ ነው።
- ሞተሯ የልጁ አፍ ነው። አፉ ዝም ካለ መኪናዋ ትቆማለች።
- ሹፌሩ መኪናዋ ውስጥ የለም። ረጅሙን መሪ ይዞ ከኋላዋ ነው።
- ባዶዋን አትሄድም። ጠጠርም ቢሆን ትጭናለች።
- ሰው መኪናውን ያውሳል፣ መሪውን ግን አያውስም።

አሁን እያንዳንዱን ሕግ ስበሩት። ልጁ ጉንፋን ይዞት ድምፁ ቢዘጋስ? መኪናዋ ቆመች ማለት ነው። መሪውን የግድ ለሌላ ልጅ መስጠት ቢኖርበትስ? ይኸው ግጭት። ወንበዴ፣ ሽጉጥ ወይም ክፉ የእንጀራ እናት ከውጭ ማምጣት አላስፈለጋችሁም።

እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የባርቢ ፊልም ይህን ሥራ አሳምሮ ሠርቶታል። ባርቢ ከቤቷ ስትወጣ በደረጃ አትወርድም፤ ከላይ ተንሳፋ መኪናዋ ላይ ታርፋለች። ምክንያቱም ልጅ አሻንጉሊቷን በእጁ አንስቶ የፈለገበት ያስቀምጣታል እንጂ ደረጃ በደረጃ አያስወርዳትም። ሻወሩም ውሃ የለውም። ተመልካቹ ማንም ሳያስረዳው ጨዋታው ውስጥ ገባ። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1987 የሂ-ማን መጫወቻ ፊልም ሲሆን አብዛኛው ታሪክ የተካሄደው ምድር ላይ፣ አንድ የአሜሪካ ከተማ ውስጥ ነው። ልጆቹ እቤታቸው የሚጫወቱበት የግንብና የሰይፍ ዓለም ዳር ቀረ። እናንተም የሽቦ መኪናዋን ከአቧራው አውጥታችሁ ሳሎን ውስጥ ብታስቀምጧት ይኸው ይደርስባችኋል።

ከአምስት ሕግ በታች ከወጣላችሁ፦ ለሁለት ወይም ለሦስት ልጆች መጫወቻውን ስጡና ዝም ብላችሁ ግማሽ ሰዓት ተመልከቱ። አታርሟቸው፤ «እኛ ዘመን እንዲህ ነበር» አትበሉ። ከዚያ ከተለያየ ሰፈር ያደጉ ትልልቅ ሰዎችን ጠይቁ። ፒያሳ አስፋልት ዳር ያደገና አዘዞ አቧራ ላይ ያደገ ሕጋቸው አንድ ላይሆን ይችላል። ልዩነቱ ራሱ ትዕይንት ይሆናችኋል።

## ደረጃ 3፦ አንድ መንገድ ምረጡ

መጫወቻን በእውነተኛ ሰዎች ፊልም ውስጥ ለማስገባት ሦስት መንገድ አለ።

ሀ. መጫወቻዋ መጫወቻ ሆና ትቆያለች። ርካሽ ነው፤ ክብደቱ ሁሉ ተዋናዩ ላይ ይወድቃል።

ለ. በልጁ ዓይን ትልቅ ትሆናለች። ለእኛ የሽቦ መኪና ናት፤ ለእሱ ዳገት የምትወጣ የጭነት መኪና ናት።

ሐ. መጫወቻው ሰው ይሆናል። አልባሳት፣ ሜካፕና የተሠራ ቤት ይፈልጋል። የባርቢ ቤቶች ከእውነተኛ ቤት በ23 በመቶ ያህል አንሰው የተሠሩት ተዋንያኑ በቤታቸው ልክ ያልሆኑ፣ እንደ አሻንጉሊት የገዘፉ እንዲመስሉ ነው። ይህ በአነስተኛ በጀት አይሞከርም።

የእኔ ምክር «ለ» ነው። አንድ ነገር ግን ወስኑ፦ ትንሿ ወደ ትልቋ የምትቀየርበት ምልክት ምንድነው? ልጁ በአፉ ሞተር ሲያስነሳ ከሆነ ሁልጊዜ እሱ ብቻ ይሁን። አንድ ቦታ ላይ በድምፅ፣ ሌላ ቦታ ላይ በህልም ካደረጋችሁት ተመልካቹ ይጠፋባችኋል።

## ደረጃ 4፦ ስክሪፕት

አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ብላችሁ አስሉ። አንድ ልጅ፣ አንድ ጭነት፣ አንድ መንገድ ይበቃል። ጭነቱን እውነተኛ አድርጉት። አያቱ ሩብ ኪሎ ስኳር እንዲገዛ ቅዳሜ ገበያ ላከችው፤ ስኳሩን የጫነው በመኪናዋ ላይ ነው። አሁን እያንዳንዱ ጉድጓድ ትርጉም አለው።

ንግግሩን የሰፈር ልጅ እንደሚያወራው ጻፉት። የቴሌቪዥን ዜና አንባቢ የሚመስል ልጅ ፊልሙን ያበላሻል። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ለአንድ የጎንደር ልጅ ስጡና ጮክ ብሎ ያንብብ። የተደናቀፈበትን ቃል ሁሉ አውጡ።

## ደረጃ 5፦ ወቅት፣ ቦታና ፈቃድ

1. ሐምሌና ነሐሴን እርሷቸው። ዝናቡም ጭቃውም አያሠራም።
2. አረንጓዴ ከፈለጋችሁ ከመስቀል በኋላ ባሉት ሳምንታት ቅረጹ። አቧራ ከፈለጋችሁ ከታኅሣሥ በኋላ። በሁለቱ መካከል ሣሩ ቶሎ ስለሚደርቅ የውጭውን ቀረጻ በሙሉ በተከታታይ ቀናት ጨርሱ። አለዚያ ልጁ ከአንድ ጥግ ወደ ሌላው ሲታጠፍ ወቅቱ ይቀየራል።
3. ከጥር 10 እስከ 12 ቀረጻ አትያዙ። በጥምቀት ሰሞን በፋሲለደስ መዋኛና ወደዚያ በሚወስዱት መንገዶች ላይ ለመኪናችሁ አይደለም ለእናንተም መቆሚያ አይገኝም።
4. ቢያንስ ከሳምንት በፊት ለቀበሌውና በአቅራቢያው ላለው ፖሊስ በጽሑፍ አሳውቁ። የት፣ መቼ፣ ስንት ሰው፣ ምን ዕቃ የሚለውን ጻፉ። ማኅተም ያለበትን ወረቀትና መታወቂያችሁን ቀረጻው ላይ ያዙ።
5. ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ከሆነ ከአስተዳዳሪው፣ ሰው ግቢ ከሆነ ከባለቤቱ አስፈቅዱ።

ፋሲል ግንብ፦ ሁሉም እዚያ መቅረጽ ይፈልጋል። እኔ ተዉት እላለሁ። ግቢው ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፤ ለቀረጻ ከቅርሱ አስተዳደር የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል። ከዚያ በላይ ደግሞ ግንቡ ከተፍ ካለ ማንም የሽቦ መኪና አያይም። ከሩቅ፣ ከጣሪያዎች በላይ ብቅ ቢል ይበቃል። ፈቃድ አግኝታችሁ ከገባችሁ ድንጋዩ ላይ ፕላስተር አትለጥፉ፣ ምስማር አታስጠጉ፣ ትራይፖድ ግድግዳ ላይ አታስደግፉ።

ድሮን፦ የድሮን ፈቃድ ሳትይዙ አታስነሱ። ለዚህ ፊልም ደግሞ ከነአካቴው አያስፈልጋችሁም። ከላይ የታየች የሽቦ መኪና ጉንዳን ታህላለች።

ቀረጻ መሃል ካስቆሟችሁ፦ ካሜራውን ዝቅ አድርጉ። አንድ ሰው ብቻ ይናገር። ወረቀቱን አሳዩ፤ አትከራከሩ። ሁለተኛ ቦታ አስቀድማችሁ ከያዛችሁ ቀኑ አይባክንም።

## ደረጃ 6፦ መኪናዋን ሥሩ

አንድ አትሥሩ። ሦስት ሥሩ፦ ዋና፣ መለዋወጫና የምትገለበጥ። ሦስቱም በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰው እጅ ይሠሩ።

1. ርዝመቷን 35 ሳንቲሜትር ያህል አድርጉ። ይህ ቁጥር ደረጃ 7 ላይ ያስፈልጋችኋል።
2. አካሏን በሽቦ፣ ጎማዋን በቆርኪ ወይም ከአሮጌ ነጠላ ጫማ በተቆረጠ ሶል ሥሩ። ሶሉ ጠጠር ላይ ስለማይንሸራተት ለሩጫ ትዕይንት ይሻላል።
3. የሽቦውን ጫፎች በሙሉ ወደ ውስጥ እጠፉ። ልጁ እየሮጠ የሚይዘው ነገር ነው።
4. አዲስ ሽቦ ፀሐይ ላይ ያንጸባርቃል። በብርጭቆ ወረቀት ፈትጉት፤ ከዚያ ጭቃና አመድ ቀብታችሁ አድርቁት። ዚንክ የተቀባ (ጋልቫናይዝድ) ሽቦ እሳት ላይ አታድርጉ፤ የሚወጣው ጭስ ይመርዛል።
5. ከእያንዳንዱ ቀረጻ በኋላ መኪናዋን ከአራት ጎን ፎቶ አንሱ። ጭቃው የት እንዳለ፣ የትኛው ጎማ እንደተጣመመ ማወቅ አለባችሁ።

## ደረጃ 7፦ ትንሹን ትልቅ አድርጎ መቅረጽ

ውድ ካሜራ አያስፈልግም። ጥሩ ስልክ ይበቃል፤ ለዚህ ሥራ እንዲያውም ከትልቅ ካሜራ ይሻላል። ምክንያቱን ቁጥር 3 ላይ ታገኙታላችሁ።

1. ካሜራውን መሬት አውርዱ። ሌንሱ ከጎማዋ ቁመት በላይ መሆን የለበትም። ስልኩን ገልብጡት፤ ሌንሱ ወደ መሬት ይጠጋል። ምስሉን ኤዲት ስታደርጉ መልሳችሁ ታዞሩታላችሁ። እዚህ ላይ አትደራደሩ። ካሜራው ጉልበት ላይ ከደረሰ ጨዋታው አለቀ።

2. ፍጥነቱን አስሉ። ትልቅ ነገር ሲወድቅም ሲናጥም ቀስ ይላል። ትንሽ ነገር ቶሎ ይነጥራል፤ ዓይን የሚነቃው በዚህ ነው። መፍትሔው በሰከንድ ብዙ ፍሬም (ምስል) ቀርጾ ማዘግየት ነው። የእውነተኛዋን መኪና ርዝመት ለመጫወቻዋ ርዝመት አካፍሉ። 7 ሜትር የሆነች የጭነት መኪና ለ35 ሳንቲሜትር ስትካፈል 20 ይመጣል። የ20 ስኩዌር ሩት 4.5 ገደማ ነው። በ25 ፍሬም የምታሳዩ ከሆነ 25 ጊዜ 4.5 ወደ 112 ይጠጋል። ስልካችሁ 120 ካለው በ120 ቅረጹና በ25 አጫውቱ። የልጁን ፊት ስትቀርጹ ግን ወደ 25 ተመለሱ።

3. ከኋላ ያለው አይደብዝዝ። ብዥ ያለ ጀርባ ያምራል፤ ዕቃው ትንሽ መሆኑን ግን ያጋልጣል። ስልክ ሴንሰሩ ትንሽ ስለሆነ ሩቁንም ቅርቡንም ጥርት አድርጎ ያሳያል። በካሜራ ከሆነ የሌንሱን ቀዳዳ አጥብቡ፤ ኤፍ 8 ወይም ኤፍ 11 ላይ አድርጉት። የስልኩን «ፖርትሬት» ሁነታ አትንኩት።

4. አንድ ፀሐይ ብቻ። ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ10 እስከ 11 ተኩል ቅረጹ። እኩለ ቀን ላይ ጥላዋ ከሥሯ ይገባና መኪናዋ መሬት የነካች አትመስልም። በተጨማሪ መብራት ሁለተኛ ጥላ አታምጡባት።

5. መሬቱን አዘጋጁ። ተራ ጠጠር ለእሷ ቋጥኝ ነው። አፈሩን በወንፊት ንፉ፤ ደቃቁ ብቻ ይቅር። ከጎማው ሥር የሚነሳው አቧራ ያኔ የእውነት መንገድ አቧራ ይመስላል። ውሃና እሳት ግን አታስገቡ። የውሃ ጠብታ አያንስም፤ የፈለገ ብታዘገዩት ጠብታው ያሳብቅባችኋል።

6. ቤት ውስጥ ሲሆን፦ መብራታችን 50 ኸርዝ ነው። በ25 ፍሬም፣ ሹተሩን (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/50 ሰከንድ ላይ አድርጉ። አለዚያ ምስሉ ይርገበገባል። የዘገየውን ቀረጻ ሁሉ ውጭ፣ በፀሐይ ጨርሱ።

አሁንም መጫወቻ ከመሰለች በዚህ ቅደም ተከተል ፈትሹ፦ ካሜራው ከፍ ብሏል? ጀርባው ደብዝዟል? የፍሬሙ ቁጥር አንሷል? ምስሉ ውስጥ ሣር፣ የሰው ጫማ ወይም ዶሮ ገብቷል? ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ነው።

## ደረጃ 8፦ ልጆቹ

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ዓመት ላሉት ደግሞ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ ማሠራትን አይፈቅድም፤ የሌሊት ሥራም ክልክል ነው። የምታስቡት ልጅ ከ15 በታች ከሆነ ከመጀመራችሁ በፊት የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮውን ጠይቁ። የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ይሁን፤ እናት ወይም አባት ወይም ታላቅ እህት ቀረጻው ላይ ትገኝ። ወላጅ «ችግር የለም፣ ልጃችሁ ነው» ቢልም ወረቀቱን አስፈርሙ።

የሩጫ ትዕይንት ባጃጅና ሚኒባስ የሚያልፍበት አስፋልት ላይ አይቀረጽም። የውስጥ ለውስጥ መንገድ ፈልጉ። በሁለቱም ጫፍ አንድ አንድ ትልቅ ሰው አቁሙ፤ ሥራቸው መንገድ ማየት ብቻ ይሁን።

ልጁን «ተቆጣ»፣ «እዘን» አትበሉት። ሥራ ስጡት፦ «ስኳሩ ሳይፈስ እዚያ ድረስ አድርሰው»። ፊቱ ራሱ ይመጣል። አልሠራም ካለ ካሜራውን ዝጉ፤ ዳቦና ውሃ ስጡት፤ በመኪናዋ እንዲጫወት ተዉት። ካኮረፈ ለዚያ ቀን ወደ ቤቱ ይሂድ። እሱ የሌለባቸውን ቀረጻዎች ለእንዲህ ያለ ቀን ይዛችሁ ጠብቁ።

## ደረጃ 9፦ ድምፅና ኤዲቲንግ

የሞተሩን ድምፅ ለብቻ ቅዱ። ግድግዳው ላይ ጋቢና ብርድ ልብስ የተሰቀለበት ክፍል ውስጥ ልጁ በአፉ ሁሉንም ይሥራ፦ ሲነሳ፣ ዳገት ሲይዝ፣ ማርሽ ሲቀየር፣ ቁልቁለት፣ ፍሬን። የእውነተኛ መኪና ድምፅ ከኢንተርኔት አውርዳችሁ አትተኩት። ሞተሩ የልጁ አፍ ነው ብላችሁ ሕግ አውጥታችኋል።

ንግግር ያለበትን ትዕይንት በጠዋት አትያዙ፤ የቅዳሴው ድምፅ ማጉያ ከንግግራችሁ ሥር ይገባል። ለሙዚቃ የታወቀ ዘፈን አትውሰዱ። ማሲንቆ የሚጫወት ሰው ፈልጉ፣ አስቀዱ፣ ክፈሉ፣ አስፈርሙ።

የየቀኑን ቀረጻ ያን ዕለት ማታ በሁለት ሃርድ ዲስክ ገልብጡ። ሁለቱ አንድ ቤት አይደሩ። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ኤዲት ስታደርጉ በየደቂቃው ሴቭ አድርጉ።

## ደረጃ 10፦ ማሳየት

ዩቲዩብ ላይ ከመጫናችሁ በፊት ለሁለት ቡድን አሳዩት፦ በሽቦ መኪና ላደጉና ሽቦ መኪና አይተው ለማያውቁ። እ.ኤ.አ. በ2015 ከ1980ዎቹ አሻንጉሊትና ካርቱን የተሠራው የጄም ፊልም ከሁለት ሳምንት በኋላ ከሲኒማ ቤቶች ወረደ። የድሮ ወዳጆቹ የሚያውቁትን አላገኙበትም፤ አዲስ ተመልካችም አላመጣም። ለዚህ ነው ሁለቱም ቡድን የሚያስፈልጉት።

ጎናቸው ተቀምጣችሁ ስክሪኑን ሳይሆን እነሱን እዩ። ስልክ ያወጡበትን ደቂቃ ጻፉ። ሁለቱም ቡድን አንድ ቦታ ላይ ስልክ ካወጡ ያንን ትዕይንት አሳጥሩ። የማያውቁት ብቻ ከሰለቹ ሕጉን አላሳያችኋቸውም፤ ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ። የሚያውቁት ብቻ «እንዲህ አልነበረም» ካሉ የትኛው ሕግ እንደተጣሰ ጠይቋቸውና ድምፁን ወይም አንድ ቀረጻ ብቻ አስተካክሉ። ሙሉውን ፊልም አታፍርሱ።

የተጠናቀቀውን ሥራ በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን አስመዝግቡ። መብቱ ሳይመዘገብም ይኖራችኋል፤ ነገ ሰው «የእኔ ነው» ቢል ግን ወረቀቱ ማስረጃችሁ ነው።

ሰፈር ውስጥ የምታሳዩ ከሆነ ነጭ አንሶላ በአራቱም ጥግ ወጥራችሁ ስቀሉ። ከምሽቱ 1 ሰዓት በፊት አትጀምሩ፤ ምስሉ አይታይም። ጄኔሬተር ከተከራያችሁ ከቤት ጥግ ኋላ፣ ጭሱ ወደ ሰው በማይሄድበት አቁሙት። ፊልሙን ከላፕቶፑም ከፍላሽም ላይ አዘጋጁ። መሃል ላይ መብራት ከጠፋ ሲመለስ ካቆመበት ሰከንድ አትቀጥሉ፤ ከትዕይንቱ መጀመሪያ አስጀምሩት።